ከማን ሰማኸው? የኮምፒዩተር ከርነልና የማጣራት አደብ



 

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ኮምፒዩተር የውስጥ አሠራር ነው። «መድረሳ ያደገ፣ ኢማሙን ሲያግዝ የሚውል ሰው ስለ ኮምፒዩተር ምን አገባው?» የምትሉ አትጠፉም። የሚያገባን ነገር አግኝተንበት ነው። ዛሬ ወሬ ከዶርዜ አርባ ምንጭ ለመውረድ መኪና አይጠብቅም። በአንድ ወንድማችን ላይ «እንዲህ አድርጓል» የሚል ቮይስ ከመግሪብ በኋላ ከተለቀቀ፣ ዒሻ ሳይደርስ ፍርዱ አልቆ ያድራል። የተባለበት ልጅ ገና አልሰማም፤ እኛ ግን ፈርደን ጨርሰናል። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ የታዘዝን ኡማ ሆነን ሳለ ማለት ነው።

ማጣራት በተግባር ምን ይመስላል? ብዙዎቻችን ትእዛዙን በቃላችን እናውቀዋለን፤ አሠራሩን ግን አልተማርነውም። ይህን አሠራር ካሳዩን ነገሮች አንዱ ሳናስበው ያገኘነው የኮምፒዩተር መሣሪያ ሆነ።

መጀመሪያ ከርነል ምን እንደሆነ እንነጋገር። ስልካችሁ አንድሮይድ ከሆነ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ከርነል በኪሳችሁ ይዛችሁ ትዞራላችሁ። ከርነል ማለት ሌሎቹ ፕሮግራሞች በሙሉ የሚደገፉበት፣ ለዓይን የማይታይ ዋና ፕሮግራም ነው። ቴሌግራም መልእክት ሲልክ፣ ካሜራው ፎቶ ሲያስቀምጥ፣ የቁርኣኑ አፕ ድምፅ ሲያሰማ ሁሉም እሱን ያስፈቅዳሉ። ሊኑክስን እ.ኤ.አ በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ከዓለም ዙሪያ ብዙ ሺህ ሰዎች እየጨመሩበት እዚህ ደርሷል።

ከርነሉ ውስጥ ፈንክሽን የሚባሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ የሥራ ክፍሎች አሉ። አንዱ ሌላውን ይጠራል፣ የተጠራው ደግሞ ሌላ ይጠራል። አንድ ፋይል ሴቭ ስናደርግ ከጀርባ ስንት ፈንክሽን እንደሚጠራራ ብናይ እንደነግጣለን። እንግዲህ ማሽኑ ድንገት ስታክ ሲያደርግ ጥፋቱ ከየትኛው ነው? እኛ የምናየው መጨረሻውን ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። መነሻው ግን ከብዙ ጥሪ በስተጀርባ ሊሆን ይችላል።

ተራ ፕሮግራም ሲበላሽ አስቁሞ መመርመር ቀላል ነው። ከርነልን አስቁሞ መመርመር ግን የሚያሰግድን ኢማም ከሩኩዕ መልሶ ስለ ተጅዊድ እንደመጠየቅ ነው። ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ አብሮ ይቆማል። ስለዚህ የሊኑክስ ሠሪዎች ሥራው ሳይቋረጥ እየሄደ የሚከታተል መሣሪያ አስፈለጋቸው። ይህ መሣሪያ ኤፍትሬስ ይባላል፤ የፈንክሽኖችን ዱካ ይከተላል። ዋና ሠሪው ስቲቨን ሮስቴድ ሲሆን፣ ወደ ሊኑክስ የገባው እ.ኤ.አ በኦክቶበር 2008 በወጣው ስሪት 2.6.27 ነው።

አሠራሩ ይገርማል። ከርነሉ ሲዘጋጅ፣ ከሞላ ጎደል በእያንዳንዱ ፈንክሽን መግቢያ ላይ አንድ አጭር ጥሪ ይቀመጣል፤ በር ላይ እንደሚቆም መዝጋቢ ማለት ነው። ክትትል በማያስፈልግበት ጊዜ ያ ጥሪ ምንም በማይሠራ ባዶ ትእዛዝ ይተካል። በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ይህ ባዶ ቦታ 5 ባይት ብቻ ነው፤ ማሽኑ ክብደቱ አይሰማውም። ክትትል ሲያስፈልግ ብቻ ባዶው ቦታ ተመልሶ ጥሪ ይሆንና መዝጋቢው ሥራውን ይጀምራል። ሲበቃ ደግሞ ተመልሶ ባዶ ይሆናል። ነጋ ጠባ ሰው ሲመዘግብ የሚውል መዝጋቢ አይደለም።

መዝገቡ ላይ እያንዳንዱ መስመር የፕሮግራሙን ስም፣ ሰዓቱን እስከ ማይክሮ ሰከንድ፣ የተጠራውን ፈንክሽን፣ ከዚያም በቀስት ምልክት የጠራውን ይናገራል። «እከሌ ተጠራ፤ የጠራው እከሌ ነው» ይላል። ይህን ስናይ ወዲያው መድረሳ ትዝ አለን። «ሐደሰና ፉላን፣ ዐን ፉላን» እያልን ያደግንበት ኢስናድ ነው! ወሬው ብቻውን አይቆምም፤ ከማን እንደመጣ አብሮት ይመጣል።

ዐብደላህ ኢብኑል ሙባረክ (ረሒመሁላህ) ኢስናድን የዲን አካል አድርገው ይቆጥሩት እንደነበር በሶሒሕ ሙስሊም መቅድም ተመዝግቧል። እዚያው ላይ በ110 ዓመተ ሒጅራ ያለፉት ታቢዒዩ ኢብኑ ሲሪን፣ ሰዎች ቀድሞ ስለ ኢስናድ እንደማይጠይቁና ፊትና ከመጣ በኋላ ግን የአስተላላፊዎቹን ስም መጠየቅ እንደጀመሩ ተናግረዋል። ልብ በሉ! መጠየቁ የመጣው ከፊትና በኋላ ነው። የእኛ ዘመን ፊትና በዝቶበት ሳለ ጥያቄው የጠፋበት ዘመን ሆነ። ፎርዋርድ የተደረገ መልእክት ከማን እንደተነሳ ስንቶቻችን እንጠይቃለን?

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። እዚህ ዶርዜ ላይ እኛ ሙስሊሞች ቁጥራችን ትንሽ ነው። ሁላችንም እንተዋወቃለን። በእንዲህ ያለ ቦታ የአንድ ሰው ስም ከጎደፈ የሚሸሸግበት ሌላ ጀማዓ የለውም።

ልጆች ከዐስር በኋላ የሚቀሩበት ክፍል ውስጥ በስጦታ የተገኘ አሮጌ ኮምፒዩተር አለን። የልጆቹን ቂርኣት እንቀዳበታለን፣ መልሰን እናሰማቸዋለን። ዊንዶውሱ በቫይረስ ሲያስቸግር፣ ኮምፒዩተር የሚማር አንድ ወንድማችን በነፃ ኡቡንቱ ሊኑክስ ጫነበት። አባቱ ሸማኔ ናቸው። ልጁ ሱብሒ የማያመልጠው፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ለሁለት ወር ማሽኑ ሰላም ነበር። ከዚያ ልጆቹ ሲቀሩ ስታክ ማድረግ ጀመረ፤ አንድ ልጅ ቀርቶ ድምፁ ሴቭ ሲደረግ ለብዙ ሰከንድ ይደርቃል።

አንድ ምሽት ግሩፓችን ላይ ቮይስ ተለቀቀ። «ማሽኑን የነካው እሱ ነው፤ ጥሩውን ዕቃ አውጥቶ ሸጦ አሮጌ ከቶበታል» ይላል። ማስረጃ የለም። ግን ያዳመጠው ሁሉ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ። በማግስቱ ልጁ ሱብሒ አልመጣም። በሁለተኛውም ቀን አልመጣም። አባቱ ሶላት ሲያበቃ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ጫማቸውን አድርገው ይወጡ ጀመር። የመስጂድ ዕቃ ሰረቀ መባል በትንሽ ጀማዓ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሸይኻችን መጣ። «ሸይኽ፣ ይፍረዱልኝ ብዬ አልመጣሁም። ልጆቹ ሲቀሩ ከማሽኑ ፊት አንድ ሰዓት ልቀመጥ፤ ይፍቀዱልኝ» አላቸው። ፈቀዱለት፤ እኛንም አብረነው እንድንቀመጥ አዘዙን።

መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን ስንረከብ የተጻፈውን ወረቀት አስመጣ። የሚሞሪውን መጠን፣ የሃርድ ዲስኩን ዓይነትና ቁጥር ከማሽኑ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርን። አንድም የተለወጠ ዕቃ የለም። የስርቆቱ ነገር አስር ደቂቃ ሳይሞላ እዚያው አለቀ። ይህን ወረቀት ከሦስት ቀን በፊት ማንም ገልጦ ማየት ይችል ነበር።

ቀጥሎ ኤፍትሬስን ከፈተ። የሚጫን አዲስ ፕሮግራም እንኳ አላስፈለገውም፤ ከከርነሉ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ትሬሲንግ ወደሚባለው ፎልደር ገባና «ፈንክሽን ግራፍ» የሚለውን መከታተያ መረጠ። ይህኛው እ.ኤ.አ በ2009 በወጣው ስሪት 2.6.29 የተጨመረ ሲሆን፣ መግቢያውን ብቻ ሳይሆን መውጫውንም ስለሚመዘግብ እያንዳንዱ ፈንክሽን ስንት ጊዜ እንደፈጀ ይናገራል። የቆየው ላይ ምልክት ያደርግበታል። ከ10 ማይክሮ ሰከንድ ለበለጠ የመደመር ምልክት፣ ከ100 ለበለጠ ቃለ አጋኖ እያለ ይሄድና፣ ከ1 ሰከንድ ለበለጠ የዶላር ምልክት ያስቀምጣል። ልጁ ሁሉን አልከታተለም፤ ፋይል ከመጻፍ ጋር የተያያዙትን ብቻ ለይቶ መረጠ። «ሁሉን ከመዘገብን መዝገቡ ይሞላና አዲሱ አሮጌውን ይደመስሰዋል፤ የምንፈልገውም ይጠፋል» አለን።

አንዲት ልጅ አል-ዱሓን ቀርታ ስትጨርስ ድምፁ ሴቭ ተደረገ። ማሽኑ ደረቀ። ሲመለስ ልጁ ወዲያው ክትትሉን አቁሞ መዝገቡን ከፈተ። የዶላር ምልክቱ ከድምፅ መቅጃው ፕሮግራም አጠገብ ቁጭ ብሏል። እኛ «አገኘነው! መቅጃው ነው» አልን። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ረጅም ጊዜ ወሰደ ማለት ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። ሌላውን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል» አለ።

እውነትም እየጠበቀ ነበር። ከርነሉ «ያልተጻፈ ዳታ በዝቷል፣ ቆይ» ብሎ አስቁሞታል። ዳታውን ያበዛው ማን ነው? ልጁ መከታተያውን ቀይሮ ደገመ። አሁን ሌላ ስም መጣ፤ ፋይል የሚገለብጥ ፕሮግራም። የት ነው የሚገለብጠው? ወደ ፍላሽ። ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ግድግዳው ጋ አቧራ የለበሰ አሮጌ ፍላሽ ተሰክቷል። ልጆቹ በቀሩ ቁጥር ቅጂው ወደዚያ ቀርፋፋ ፍላሽ ሲጻፍ፣ ሌላው ሁሉ ተራ ይጠብቃል። በኋላ እንዳነበብነው ችግሩ የእኛ ማሽን ብቻ አልነበረም፤ ቀርፋፋ ፍላሽ ሙሉውን ሲስተም እንደሚያንቀረፍፍ የሊኑክስ ሠሪዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ በ2013 ተወያይተውበታል። ፍላሹ ወጣ። ማሽኑ ከዚያ ወዲህ ስታክ አላደረገም፤ አልሐምዱሊላህ።

ታዲያ ወዲያው ምን ጠየቅን? «ፍላሹን የሰካው ማን ነው?» ከመካከላችን አንዱ አፍጥጦ ጠየቀ። ልጁ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። «ሸይኽ፣ የተሰካበትን ቀን ፈልጌ ማውጣት እችል ይሆናል። ግን ችግሩ ፍላሹ ነበር፤ ወጥቷል። የሰካው ሰው የልጆቹ ድምፅ እንዳይጠፋ ብሎ ይሆናል። እንደኔ ሌላ ሰው ሱብሒ እንዲቀር አልፈልግም» አለ። ሸይኻችን ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ክሱ የተነገረው ግሩፕ ላይ ነው፤ ንፅህናውም እዚያው ይነገራል» ብለው ራሳቸው ቮይስ ላኩ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ልጁ በዚያ ሰዓት ያሳየን በሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ወሰን ነው። አንዱ ተበዩን፣ ማጣራት ነው። ሌላው ተጀሱስ፣ ሰውን መሰለል ነው። የመጀመሪያው በሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ታዟል፤ ሁለተኛው በዚያው ሱራ 12ኛ አንቀጽ ከመጥፎ ጥርጣሬና ከሐሜት ጋር ተከልክሏል። በአንድ ሱራ ውስጥ፣ በስድስት አንቀጽ ርቀት! ሁለቱም ዱካ ይከተላሉ፤ ኒያቸውና ማቆሚያቸው ግን ይለያያል። ማጣራት ጉዳቱን ለማንሳት ይነሳል፤ ጉዳቱ ሲነሳ ያቆማል። ስለላ ግን ሰውዬውን ይፈልጋል፤ ጉዳቱ ቢነሳም አያቆምም። በእርግጥ የሰው ሐቅ ተወስዶ ከሆነ ወሳጁን መለየት ግድ ይሆናል። እዚህ ግን የተወሰደ ሐቅ አልነበረም፤ የቀረው የማወቅ ጉጉት ብቻ ነበር።

መከታተያ መሣሪያ በራሱ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችልም የኤፍትሬስ የራሱ ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ በሴፕቴምበር 2008፣ ስሪት 2.6.27 በሙከራ ላይ ሳለ፣ የአንዳንድ ሰዎች የኢንቴል ኔትወርክ ካርዶች መሞት ጀመሩ። በካርዱ ላይ በቋሚነት የተጻፈው መረጃ ይበላሻል፤ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማብራት አያድነውም። ጥርጣሬው ሁሉ ኢ-1000-ኢ በሚባለው የካርዱ ድራይቨር ላይ አረፈ። ካርዱን የሚነካው እሱ ነዋ! አንዳንድ የሊኑክስ አዘጋጆች ድራይቨሩን ከሙከራ ስሪታቸው እስከማገድ ደረሱ።

በኦክቶበር ዱካው ሲገኝ ግን ካርዶቹን ያበላሸው አዲሱ መከታተያ ኤፍትሬስ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኤፍትሬስ የፈንክሽኖቹን አድራሻ በመዝገቡ ይዞ ነበር። አንዳንዶቹ ፈንክሽኖች ሥራቸውን ጨርሰው ቦታውን ለቀቁ። የለቀቁት የአድራሻ ቦታ በኋላ ለኔትወርክ ካርዱ ተሰጠ። ኤፍትሬስ ግን አሮጌውን መዝገብ ይዞ ተመልሶ ሄደና፣ ፈንክሽን ያለ መስሎት በዚያ አድራሻ ላይ ለመጻፍ ሞከረ። የነካው የካርዱን መረጃ ነበር።

ይህን ስናነብ ስንት ሰው ትዝ አለን! ከዓመታት በፊት የሠራውን ይዘን ዛሬ የምንፈርድበት ወንድም። ተውበት አድርጓል፣ ቦታውን ለቋል፣ አላህ ሌላ ሰው አድርጎታል። እኛ ግን አሮጌውን አድራሻ ይዘን እንሄዳለን፤ የምንመታው አሁን ያለውን ሰው ነው።

የኤፍትሬስ ሠሪዎች ነገሩን አልሸፋፈኑም። ስሪቱ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያ የኤፍትሬስ ክፍል እንዲዘጋ ተደረገ፤ ከዚያ አሠራሩ ተለውጦ ተመለሰ። ዛሬ ኤፍትሬስ አንድ ቦታ ላይ ከመጻፉ በፊት በዚያ ቦታ ያለውን ያነባል። እዚያ መሆን የነበረበትን ካላገኘ አይጽፍም፤ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ራሱን ያቆማል። እኛስ ያሰብነውን ሳናገኝ ስንቀር ምላሳችንን እናቆማለን? የሰሙትን ሁሉ ማውራት ሰውን ውሸታም ለማድረግ እንደሚበቃ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

«ወሬው እውነት ከሆነስ?» የሚል ይኖራል። የጋሞ አባቶች በመስከረም 2011 ዓ.ም የሠሩትን አስታውሱ። ከቡራዩ የመጣው የሞት ዜና እውነት ነበር፤ ከሞቱትና ከተፈናቀሉት ውስጥ ለኑሮ ከዚህ የሄዱ የእኛው ሰዎች ነበሩ። አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ በቁጣ ተነሳ። አባቶች ግን እርጥብ ሣር ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱም አባቶቹን አልፎ አልሄደም፤ ተመለሰ። እውነተኛ ዜና እንኳ ጥፋት የሌለበትን ጎረቤት ለመጉዳት ፈቃድ አይሆንም። ጥፋቱ ወደሠራው ሰው እንጂ እሱን ወደሚመስል ሰው አይከተልም።

በሰፈራችን ሸማኔዎችም ዘንድ ይህ እንግዳ አይደለም። ድሩ ላይ አንድ ክር ሲበጠስ ሸማኔው ጥበቡን ቀዶ አይጥልም፣ አጠገቡ ያለውን ክርም አይቆርጥም። በጣቱ እየዳበሰ የተበጠሰውን ጫፍ ያገኛል፤ ይቋጥረዋል፤ ሥራውን ይቀጥላል።

እናንተ ወጣቶች! ከዚህ ሁለት ነገር ይዛችሁ ብትሄዱ ደስ ይለናል።

አንደኛ፣ ይህን ዕውቀት «የሌሎች ነው» አትበሉ። አሮጌ ኮምፒዩተርና ሊኑክስ ካላችሁ ኤፍትሬስ አላችሁ ማለት ነው። ሮስቴድ ያዘጋጀው ትሬስ-ኮማንድ የሚባለው መሣሪያ ሥራውን ያቀልላችኋል፤ ክፍያም የለውም። አንድ ፋይል ክፈቱና ከጀርባው የሚጠራራውን ተመልከቱ። ግን መሣሪያው የሚሠራው የማሽኑ ሙሉ ሥልጣን ላለው ሰው ብቻ መሆኑን አትርሱ። ሥልጣን አማና ነው። ባልተፈቀደላችሁ ማሽን ላይ አትክፈቱት፤ የምትፈልጉትን ብቻ ለዩ፤ ስትጨርሱ ዝጉት።

ሁለተኛ፣ ነገ ስልካችሁ ላይ የአንድ ሰው ስም ያለበት ቮይስ ሲመጣ «ሼር» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ከማን ሰማኸው? እሱስ ከማን ሰማው? የተባለበት ሰው ምን አለ? መልስ ካላገኛችሁ እናንተ ጋ ይቁም። ተሳስቶ የተነገረ ነገር ካለ ደግሞ ማስተካከያው ስሕተቱ በደረሰበት ሁሉ ይድረስ። በግሩፕ የተዋረደን ሰው በጆሮው «ይቅርታ» ማለት ብቻ ስሙን አይመልስለትም።

ያ ወንድማችን ዛሬ ሱብሒ ላይ የመጀመሪያው ሶፍ ውስጥ ነው። ልጆቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምፒዩተር ያስተምራል። ስሙ ሳይመለስለት ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ጀማዓችን ያጣው ኮምፒዩተር ብቻ አይሆንም ነበር።

አላህ (ሱ.ወ) ሰምተው ከሚያጣሩት፣ አጣርተው ከሚያስተካክሉት፣ የወንድማቸውንም ነውር ከሚሸፍኑት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።